መቃኘት ሁለት ነው

ልጄ፣

ባለፈው ሳምንት ከመርሳ ወጥቼ ወልድያ ቤትሽ ስገባ ፒያኖው ሳሎኑ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ዳንቴል ለብሷል፤ ላዩ ላይ ውሃ የተሞላ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጧል። እኔ ባደግሁበት በሀብሩ ፒያኖ በገዛ ቤቱ ያለው ሰው አይቼ ስለማላውቅ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። «ድምፁ እንዴት ነው አጎቴ?» ስትዪኝ ግን ቤቱን እንግዳ ሞልቶት ስለነበር «ደህና ነው» ብዬሽ አለፍኩ። ደህና አይደለም። ደግሞም አብሽሪ፣ የሚድን ነው። ያን ቀን ያልነገርኩሽን አሁን ልጻፍልሽ።

እንደምታውቂው ከሠላሳ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞርኩ ፒያኖ ስቃኝና ስጠግን ኖሬያለሁ። በቋንቋችን መቃኘት ሁለት ነው። አንዱ ክርን አጥብቆና አላልቶ ድምፅን ልኩ ላይ ማድረስ ነው። ሌላው ዙሪያ ገባውን ማየት፣ መጠበቅ፣ ምን እንደተለወጠ መመርመር ነው። የመጀመሪያው የእኔና የመሰሎቼ ሥራ ሲሆን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃዋል። ሁለተኛው የባለቤቱ ነው፤ በየዕለቱ ነው። በእጄ ካለፉት ፒያኖዎች ውስጥ የመጀመሪያው ስለቀረባቸው የሞቱት ጥቂት ናቸው። ሁለተኛው ስለቀረባቸው የሞቱትን ግን መቁጠር አልችልም።

1. ከሁሉ በፊት እንጨት መሆኑን አትርሺ። ፒያኖ ከውጭ ሲታይ የቤት ዕቃ ነው፤ ውስጡ ግን ትልቅ ክራር ነው። 88 ቁልፎች አሉት፤ ክሮቹ ከ220 በላይ ናቸው። ወፍራሞቹ ድምፆች አንድ አንድ ወይም ሁለት ሁለት፣ የቀሩት ሦስት ሦስት ክር ይዘዋል። እነዚህ ሁሉ ተወጥረው የሚስቡት ኃይል ሲደመር ከ15 ቶን ይበልጣል፤ የሚሸከመው ከኋላ ያለው የብረት ፍሬም ነው። ድምፁን አጉልቶ የሚያወጣው ግን ብረቱ አይደለም፤ የክራር ገበቴ የሚሠራውን የሚሠራ፣ ስፕሩስ ከሚባል ጥድ መሰል ዛፍ የተሰነጠቀ ስስና ሰፊ ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ መሃሉ በጥቂቱ ጎበጥ ብሎ ነው የተሠራው። አየሩ ሲረጥብ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጉብታው ይጨምራል፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን በርኩማ ይገፋል፤ ክሮቹ ይወጠሩና ድምፁ ይወጣል። አየሩ ሲደርቅ ሰሌዳው ይሟሽሻል፤ ድምፁ ይወርዳል። ይህ ለውጥ በሁሉም ድምፆች ላይ እኩል ቢሆን ኖሮ ጆሮሽ ባልተቸገረ ነበር። የሚበዛው ግን መሃሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ መሃሉ ከዳርና ዳሩ ይጣላል። ሰው «ፒያኖዬ አረጀ፣ ተበላሸ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ አየር ነው።

2. ይህን ካወቅሽ ቀጥሎ የምታውቂው የአገርሽን ሰማይ ነው። አዲስ አበባ የሚቃኝ ሰው «በየስድስት ወሩ» ብሎሽ ይሄዳል። እኛ ሰሜን ወሎዎች ዝናባችን ሁለት ነው። በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይመጣል፤ በአንዳንዱ ዓመት ይቀራል። ክረምቱ ሰኔ ማብቂያ ላይ ጀምሮ መስከረም ውስጥ ይወጣል። በሁለቱ መሃል ግንቦትና ሰኔ ደረቅና ሙቅ ናቸው። እንጨቱ ስለዚህ በዓመት ሁለቴ ያብጣል፣ ሁለቴ ይከሳል። ዝናብ ላይ የተቃኘ ፒያኖ ዝናቡ ሲያባራ ይወርዳል፤ ገንዘብሽም አብሮ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ቅኝት ኅዳር ላይ አድርጊው፤ ያኔ ጭጋጉ ሄዷል፣ የሀብሩ ማሽላ እየተቆረጠ ነው፣ እንጨቱ የክረምቱን ውሃ ተፍቶ ረግቷል። አቅም ካለሽ ሁለተኛውን ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ በልጉ ከወጣ በኋላ። አንዱን ብቻ የምትችዪ ከሆነ ያለ ማመንታት ኅዳርን ምረጪ፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ደረቅ ወራት ከሁሉ የረዘመውና የረጋው ነው። ነሐሴ ላይ ማንም ሰው መፍቻ ይዞ እንዲነካው አትፍቀጂ።

ነሐሴ ላይ አንዳንድ ቁልፍ ተጭነሽው ሳይመለስ ቢቀር አትደንግጪ፤ ሞረድ ይዞ የሚመጣ አናጺም አትጥሪ። እንጨቱና በውስጡ ያለው ሱፍ አብጠው ነው። ጥቅምት ላይ ራሱ ይመለሳል። በክረምት የተሞረደ ቁልፍ በበጋ ሲወላገድ ይኖራል።

3. ቦታውን ቀይሪ። አሁን ያለው ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ከዚያ የከፋ ቦታ ቤቱ ውስጥ የለም። የውጭ ግድግዳ በክረምት ውሃ ይስባል፣ በመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ ደግሞ አንዱን ጎን ብቻ ያግለዋል። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ከሚለየው ግድግዳ ጋር አድርጊው፤ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ባይሆን አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ጀርባው አየር ያግኝ። ቤትሽ ኮርኒስ ስላለው ደስ ብሎኛል። ቆርቆሮው ከላይ ራቁቱን ቢሆን ኖሮ ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ግሎ ሌሊት ይቀዘቅዝ ነበር፤ የክር ጠላቱ ሙቀት ወይም ብርድ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ ነው።

አንድ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዢ፤ ዋጋው ከአንድ ቅኝት እጅግ ያንሳል። ከ40 እስከ 60 በመቶ መሃል ከሆነ ተይው። ግንቦት ላይ ከ40 ሲወርድ እናትሽ የምታውቀውን ዘዴ ተጠቀሚ፤ ውሃ የሞላ የሸክላ እንስራ ክፍሉ ጥግ ላይ አኑሪ። እንስራ በገላው ያልባል፣ አየሩን ቀስ ብሎ ያረጥበዋል፤ ከፒያኖው ግን ራቅ ይበል። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ ሲጥል መስኮቱን ዝጊ፣ ፀሐይ የወጣ ለታ ረፋድ ላይ ክፈቺው።

4. ስለ ቡናው ልንገርሽ፤ ቅር እንዳይልሽ። ረከቦቱ የሚዘረጋው ፒያኖው እግር ሥር መሆኑን አየሁ። ከሰሉ እዚያው ይነዳል፣ እጣኑ እዚያው ይጨሳል፣ ቄጠማው እዚያው ይጎዘጎዛል። በወሎ ቤት ውስጥ ቡና አይቅር፤ እኔም አልልሽም። ግን ወደ ማዶው ጥግ ይሂድ። የከሰሉ ሙቀት የፒያኖውን አንድ ወገን ያደርቀዋል። የእጣኑ ጭስ ሙጫ ነው፤ በዓመታት ውስጥ ክሮቹ ላይ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስብና ድምፁን ያደነዝዘዋል። እርጥብ ቄጠማ ደግሞ በዓል በመጣ ቁጥር ከታች እርጥበት ይሰጠዋል። ፈንዲሻ ለያዙ ልጆች ክዳኑን ዝጊባቸው። ከቁልፎች ሥር ፈንዲሻ፣ ሳንቲም፣ የጸጉር መርፌ፣ አንድ ጊዜም የታጠፈ የሎተሪ ትኬት አውጥቻለሁ።

የአበባ ማስቀመጫውን ደግሞ ዛሬውኑ አንሺ። ዳንቴሉ ይቆይ፣ አቧራ ይከላከላል፣ ያምራልም። ውሃ የያዘ ነገር ግን ፒያኖ ላይ አይቀመጥም። አንዴ ሲገለበጥ ውሃው ክሮቹ የሚጠመጠሙባቸው ብረቶች ወደተተከሉበት እንጨት ይወርዳል፤ ያ እንጨት ከተሰነጠቀ ፒያኖው አለቀለት።

5. ውስጡ ሱፍ አለ። ክሩን የሚመታው መዶሻ ራሱ በተጠቀጠቀ የበግ ሱፍ የተሸፈነ ነው፤ ድምፁን የሚያፍነውም፣ ቁልፎቹ የሚያርፉበትም እንዲሁ። ባና በሳጥን ውስጥ ብል እንዴት እንደሚበላው ታውቂያለሽ፤ ፒያኖም ለብል የተዘጋ የባና ሳጥን ነው። ጨለማ ነው፣ ሞቃት ነው፣ የሚነካው የለም። የታችኛውን ክዳን በየሦስት ወሩ ከፍተሽ በባትሪ ብርሃን እዪ። ናፍታሊን በትንሽ ጨርቅ ቋጥረሽ ከታች በኩል አንጠልጥዪ፤ ሱፉንም እንጨቱንም እንዳይነካ።

አይጥ በፔዳሎቹ ቀዳዳ ትገባለች። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ቤት ዘግተን እንደወጣን ታስታውሻለሽ። ታኅሣሥ 2014 ካለፈ በኋላ መርሳ ስመለስ አኮርዲዮኔን ሳጥኑ ውስጥ አገኘሁት፤ ሳጥኑን ማንም አልነካውም። ስከፍተው ግን የሆዱን ቆዳ አይጥ ቀዳዶታል፣ ከቁልፎቹ ሥር ያለውን ሱፍ ብል ጨርሶታል። የሰው እጅ ያልነካውን ዕቃ ዝምታ በላው። ስለዚህ ቤት ዘግተሽ ለወራት የምትሄጂ ከሆነ ለጎረቤት ቁልፍ ስጪ፤ ክዳኑን ከፍታ ሁለት ሦስት ቁልፍ እንድትነካልሽ ለምኚያት። መጫወት ባትችልም ይበቃል።

ምስጥ ወልድያ ላይ ያን ያህል አያሰጋሽም። አንድ ቀን ፒያኖውን ወደ መርሳ ወይም ወደ ጊራና ቆላ የምታወርጂው ከሆነ ግን እግሮቹን በቀጥታ አፈር ወለል ላይ አታቁሚ።

6. መፍቻ አትያዢ። ይህ ምክር ሳይሆን ልመና ነው። ክሩ የሚጠመጠምበት ብረት፣ እኛ ፒን የምንለው፣ በእንጨት ውስጥ በጥብቀት ብቻ ነው የቆመው፤ ብሎን አይደለም። ቃኚ የሚያዞረው ለዓይን በማይታይ መጠን ነው፤ ካዞረው በኋላ ደግሞ እንዳይመለስ አድርጎ «ማስቀመጥ» አለ፤ ያንን እጄ ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶበታል። ስልክሽ ላይ ያለው መቃኛ ድምፁ መውረዱን ይነግርሽ ይሆናል፤ እጅሽን ግን አያስተምረውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝን ልንገርሽ። አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ፤ ፒኖቹ ዝገው ስላዩ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ላምባ አፍስሶባቸዋል። ላምባው ዝገቱን ለቀቀው፤ እንጨቱንም ዘልቆ ገባ። ከዚያ ወዲህ አንዱም ፒን አልያዘም። ጠዋት ብቃኘው ማታ ይወርዳል። ዘይትም፣ ግሪስም፣ ማንኛውም የሚረጭ ነገርም እዚያ አካባቢ አይድረስ። ዝገት ድምፅ ያደክማል፤ ዘይት ግን ይገድላል።

ቁልፎቹን ስታጸጂ ደግሞ በደንብ በተጨመቀ የነጠላ ቁራጭ ጥረጊያቸው፣ ወዲያው በደረቅ ድገሚው። አልኮል አያስፈልግም።

7. ጆሮሽን በአምባሰል አሰልጥኚው። ይህን የምልሽ የእኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ነው፤ የአምባሰልን ተራራ ደግሞ ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄጂ ውጫሌ አካባቢ ታዪዋለሽ። የምልሽ ለሥራው ስለሚመች ነው። አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ዶና ፋ፣ ዶና ሶል ከሁሉ የጠሩ ዝምድናዎች ናቸው፤ ጥቂት ሲዛቡ ጆሮ ቶሎ ይነቃል። በየጠዋቱ ከመጫወትሽ በፊት እነዚህን አምስት ድምፆች ከመሃል ጀምረሽ አንድ በአንድ ንኪ፤ እያንዳንዱ እስኪጠፋ ድረስ ጠብቂው። አንዱ ድምፅ «ዋ ዋ ዋ» እያለ ከተንቀጠቀጠ ሦስቱ ክሮች ተለያይተዋል ማለት ነው። ቀጥሎ ዶንና ሶልን አንድ ላይ ተጫኚ፤ የረጋ ኩሬ ሊመስልሽ ይገባል። የሚናወጥ ከሆነ ጻፊው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቂ። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ጣቱን የሚያሳርፈው ጆሮው ባለው ቦታ ነው፤ ፒያኖ ግን አሥራ ሁለቱን ድምፆች እኩል አካፍሎ ነው የሚቃኘው፣ ከየትኛውም ድምፅ ተነስተሽ እንድትጫወቺ። ዶና ሶል ላይ ልዩነቱ ከግማሽ ድምፅ መቶ እጅ ሁለቱ ብቻ ስለሆነ አይሰማሽም። ላ ቤሞል ላይ ግን የመርሳ አዝማሪና ፒያኖሽ ላይስማሙ ይችላሉ። ቃኚውን «በአምባሰል ቃኝልኝ» አትበዪው፤ አንዱን ስታስደስቺ ትዝታንና ባቲን ታስቀይሚያለሽ። ፒያኖው እንደ ፒያኖ ተቃኝቶም አምባሰልን ይሸከማል። ከክራር ተነስቶ ፒያኖ ላይ የደረሰው ግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል» ብሎ የሠራውን አዳምጪ፤ ትረጂኛለሽ።

8. ቃኚ ስለመጥራት። ከአዲስ አበባ ወልድያ 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ለአንድ ፒያኖ ብቻ ሰው ማስመጣት ከባድ ነው። ከተማው ውስጥ ፒያኖ ያላቸውን ጠይቂ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉትንም ጨምሪ፣ መንገዱ ላይ ናቸው። ሦስት አራት ሆናችሁ የትራንስፖርቱንና የአልጋውን ብትካፈሉ ለሁላችሁም ይቀላል።

ያንቺ ፒያኖ ለዓመታት አልተቃኘም፤ መሃል ያለው ላ በሰከንድ 440 ጊዜ መርገብገብ ሲገባው ከዚያ ብዙ ወርዷል። እንዲህ ያለውን ማንም ቃኚ በአንድ ጊዜ ልክ አያደርገውም። አንዱን ክር ስታጠብቂው ሰሌዳው ይጫናል፣ ቀድሞ የተቃኘው ይወርዳል። መጀመሪያ በሻካራው ያነሳዋል፤ ከዚያ ያጠራዋል፤ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ማየት ይፈልጋል። «ትናንት ተቃኝቶ ዛሬ ወረደ» ብለሽ አታኩርፊው፤ ሁለተኛ ጉዞውን አስቀድመሽ በወጪሽ ውስጥ ያዢው። ይህ ሁሉ የማይሆንልሽ ከሆነ፣ ከልቤ ነው የምልሽ፣ ለሚያስቀምጠው ሰው ሽጪውና ደህና ኪቦርድ ግዢ። የተዛባ ፒያኖ ላይ የተማረ ልጅ ጆሮው ተዛብቶ ያድጋል።

9. ስታንቀሳቅሺው። እንዲህ ያለ ቋሚ ፒያኖ ከ200 ኪሎ በላይ ነው፤ ክብደቱም ወደ ኋላ ነው፣ ብረቱ እዚያ ስላለ። ከፊት እግሮቹ ማንም አያንሳው። ጎማዎቹ ሊሾ ላይ ጥቂት ለመግፋት እንጂ ለጉዞ አይደሉም። አይሱዙ ላይ ሲጫን ቆሞ፣ ጀርባው ወደ ሾፌሩ ወገን፣ በፍራሽ ተከቦ ይታሰር። ከተጓዘ በኋላ ሦስት አራት ሳምንት በመፍቻ ሳይነካ አዲሱን አየር ይልመድ፤ ከዚያ ይቃኝ።

10. ተጫወቺበት። የማይነካ ፒያኖ ሱፉ ይደርቃል፣ መገጣጠሚያው ይያያዛል፣ አይጥም ይደፍረዋል። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ሥራ በዛብኝ፣ ልጅ ወለድኩ፣ እጄ ረሳ እንዳትዪኝ። ፒያኖ ተጫዋቿን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቢ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ፤ ካይሮ ሄደው ደከሙበት። ከዚያ ሁሉን ትተው ከእኛው ጎረቤት፣ ከአምባሰሏ ግሼን ማርያም ገብተው መነኮሱ። በባዶ እግራቸው አሥር ዓመት ያህል እዚያ አምባ ላይ ኖሩ። ተመልሰው ፒያኖ ፊት ሲቀመጡ ሙዚቃቸው ጠበቃቸው፤ ዛሬ ዓለም የሚሰማቸው ከዚያ በኋላ በተቀዳው ነው። መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ የሰማሁት እዚሁ መርሳ ሆኜ ነው፤ ያን ቀን ወደ ግሼን አቅጣጫ ረጅም ጊዜ ስመለከት ነበር። የሰው እጅ አሥር ዓመት ጠብቆ ሊመለስ ይችላል። እንጨትና ሱፍ ግን አሥር ዓመት አይጠብቁም፤ አንቺ ብትቆዪ እንኳ አንድ ሰው ይንካው።

11. ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ የእርጥበቱን ቁጥር፣ ዝናብ መጣሉን አለመጣሉን፣ የትኛዋ ድምፅ እንደተዛባች ጻፊ። ቃኚው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው፤ ከአንድ በልግና ከአንድ ክረምት በኋላ ደግሞ ፒያኖሽ መቼ እንደሚያመው ከማንም በፊት የምታውቂው አንቺ ትሆኛለሽ። ደብተሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። የመጀመሪያውን መስመር ያን ቀን ቤትሽ ከሰማሁት እኔው ጽፌዋለሁ፦ «ጥቅምት 24፣ ወልድያ፣ ፀሐይ። መሃል ያለችው ፋ፣ ሦስተኛዋ ክር ወርዳለች። የአበባ ማስቀመጫው ገና አልተነሳም።»